ስለ መካሪና ስለሚመግበው

መካሪ እንጀራውን ከማን እጅ ቢቀበል ምክሩ ሳይበላሽ ይቀራል? ይህን ጥያቄ አንሥቶ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም መልሱን አስቀድሞ ያወቀው ይመስለዋልና። አንዱ «ከመንግሥት የተቀበለ የመንግሥትን ቃል ይናገራል» ይላል። ሁለተኛው «ከባዕድ የተቀበለ የባዕድን ፈቃድ ይፈጽማል» ይላል። ሦስተኛውም «ከገዛ ኪሱ የሚበላ ባለጸጋ የገዛ ጥቅሙን ይመክራል» ይላል። ሦስቱም በከፊል እውነት ተናገሩ፤ ነገር ግን የሦስቱን ቃል አንድ ላይ ብንቀበል በምድር ላይ የሚታመን መካሪ አይገኝምና፥ ነገሩን ጠለቅ ብለን ማየት ይገባናል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዘመናችን እየበዛ የመጣው፥ ፈረንጆች ቲንክ ታንክ የሚሉት፥ የጥናትና የምክር ተቋም ነው። እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት አያዝም፤ እንደ ትምህርት ቤትም ተማሪ አያስመርቅም። ሊቃውንትን ሰብስቦ ስለ አገር አስተዳደር፥ ስለ ስደት፥ ስለ ቅርስ ያስመረምራል፤ የተመረመረውንም ያሳትማል፤ ከዚያም ሰው ጠርቶ ያከራክራል። ዕድሜው ከመቶ ዓመት ብዙ አይርቅም። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ነጋዴ የነበረው ሮበርት ብሩኪንግስ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ1916 የመንግሥትን አሠራር የሚመረምር ተቋም አቆመ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ስጽፍ እናገራለሁ።) በለንደን ደግሞ ቻተም ሐውስ እየተባለ የሚጠራው ተቋም በ1920 ተመሠረተ። አሳቡ የተፀነሰው ከአንድ ዓመት በፊት በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ ነው፤ በዚያ የተገኙት እንግሊዞችና አሜሪካውያን ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው ጦርነት ካለቀ በኋላ፥ የመንግሥታት ጉዳይ በጥቂት ሰዎች ጓዳ ብቻ መመከሩ እንዳይቀጥል ፈለጉ። በጎ አሳብ ነው። ዳሩ ግን ከጓዳ የወጣው ምክር በእውነት ወደ አደባባይ መድረሱን፥ ወይስ ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው ጓዳ መዛወሩን መጠየቅ ይቀራል።

ምክር በቀድሞ ዘመን ወደ ንጉሥ ጆሮ የሚሄድ ነገር ነበር። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የአባቱን ዘመን ሽማግሌዎች ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን በመስማቱ ከአሥራ ሁለቱ ነገድ አሥሩ እንደ ተከፈሉበት ሁላችን እናውቃለን፤ ይህንም ታሪክ ሰባኪ ሁሉ ይጠቅሰዋል። ለእኛ ጉዳይ ይልቅ የሚጠቅመው የንጉሡ የአክዓብ ታሪክ ይመስለኛል። አክዓብ ወደ ሬማት ዘገለዓድ ሊዘምት ባሰበ ጊዜ አራት መቶ የሚያህሉ ነቢያት ሰበሰበ፤ ሁሉም በአንድ አፍ «ውጣ» አሉት። አንድ ሰው ብቻ፥ የይምላ ልጅ ሚክያስ፥ ቀርቶ ነበር፤ ንጉሡ ይህን ሰው ይጠላው ነበር፤ መልካም ትንቢት ተናግሮለት አያውቅምና። ሊጠራው የሄደው መልእክተኛም ቃሉን ከሌሎቹ ቃል ጋር እንዲያስማማ በመንገድ ላይ መከረው።

ይህን ክፍል በተመለከትሁ ጊዜ የሚያስገርመኝ የአራት መቶው ሐሰት አይደለም። ከአራት መቶው ብዙዎቹ በልባቸው እውነት የተናገሩ ሳይመስላቸው አልቀረም፤ በአንድ ማዕድ ዘመን ሙሉ የበላ ሰው ማዕዱን ከሚሰጠው ጋር አንድ ዓይነት ነገር ማየት ይለምዳልና። ጉቦ ከሆነስ ይታወቃል፤ የሚያስፈራው ልማድ ነው። ይልቁንም የሚያስገርመኝ፥ ሚክያስም ቢሆን በመጨረሻ የበላው የንጉሡን እንጀራ መሆኑ ነው፤ በግዞት ቤት የሚሰጠውን ጥቂቱን። እንግዲህ የመጋቢው ማንነት ብቻውን የመካሪውን ቃል አይወስንም ማለት ነው።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ስለዚህ ነገር የሚያውቀው አንድ ምስክር አለው። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ውሻ እየጮኸበት፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ ይሄዳል። አንዲቱ እመቤት ቁራሽ ትሰጠዋለች፥ ሁለተኛይቱ ቆሎ፥ ሦስተኛይቱ «ይስጥልኝ» ብላ ታልፈዋለች። ማታ ወደ ጎጆው ሲመለስ በአኮፋዳው ውስጥ ያለው የአርባ ቤት እህል ነው። ነገ በጉባኤው ቆሞ ቅኔ ሲዘርፍ ከአርባው ቤት አንዱ እንኳ «የእኔን እንጀራ በልተህ እንዴት ይህን ትላለህ» ሊለው አይችልም። መምህሩም ቢሆን ቅኔውን ሲነቅፍለት ስለ ቃሉና ስለ ምሥጢሩ ይነቅፍለታል እንጂ ስለ መጋቢው አይጠይቀውም። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት የሠሩት ለትሕትና ነው ይባላል፤ እኔ ግን ለነጻነትም የሠሩት ይመስለኛል። አርባ ደጅ የለመነ አፍ የማንም ደጅ አፍ አይሆንም።

ወደ አገራችን ተቋማት እንመለስ። ስለ መንግሥት አስተዳደር በጽሕፈት መከራከር በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን ድርሳን ጽፎ በ1919 ዐረፈ፤ መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1924 ታተመ። በጉምሩክና በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ስለሆነ አገር ስለምትደኸይበት ምክንያት በዓይኑ ያየውን አመዛዝኖ ጻፈ። በዚያም ዘመን «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ጋዜጣ ይህን ለመሰለ ክርክር ዓምድ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ የአንድ የአንድ ሰው ድፍረት ነበር፤ ሰውየው ሲሞት ነገሩ አብሮት ይቀበር ነበር። ተቋም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በ1963 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ ቀድሞ ቤተ መንግሥት በነበረው በገነተ ልዑል፥ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቆመ፤ የመጀመሪያው ሹም ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ማኅበር ተነሣ። በ1998 ደግሞ በደሳለኝ ራህመቶ መሪነት የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ተመሠረተ፤ ይህ ተቋም ስለ ድህነት፥ ስለ መሬት፥ ስለ አካባቢ ጥበቃ ጥናት እያሳተመ ሰው ጠርቶ ያከራክር ጀመር። ከሁሉ ይልቅ ክርክሩ የሞቀው ስለ መሬት ነበር። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የመንግሥት ሰዎች ያቀረቡት ምክንያት ይህ ነበር፦ ገበሬ መሬቱን እንዲሸጥ ቢፈቀድለት በክፉ ቀን ለአንድ ኩንታል እህል ይሸጠውና ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ይጎርፋል። ሌሎቹም መልሰው እንዲህ አሉ፦ ነገ የእርሱ መሆኑን ያላወቀ ገበሬ ዛሬ ዛፍ አይተክልበትም፥ እርከንም አይሠራበትም። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎቹ ማኅበር በ2002 ስለ መሬት ይዞታ ትልቅ ጥናት ባወጣ ጊዜ ነገሩ ከቁጣ ደረሰ።

ሁለቱም ወገን እውነት ይዞ ነበር። ለዚህም ማስረጃው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። በትግራይ በ1998 የተጀመረው፥ ኋላም በአማራ፥ በኦሮሚያና በደቡብ የተስፋፋው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሽያጭን ሳይፈቅድ ለገበሬው ጥቂት መተማመኛ ሰጠው። ይህን ያደረገው የክርክሩ ጉባኤ ነው ብዬ አልመሰክርም፤ የመንግሥት ሥራ ብዙ አባት አለውና። ነገር ግን ሁለት ተቃዋሚዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው እርስ በርስ ተደማምጠው ባይሆን ኖሮ፥ ከ«ይሸጥ» እና ከ«አይሸጥ» መካከል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ማን ያስብ ነበር? ሊቃውንቱ «ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለውን ተረት ሲተርቱ እሰማለሁ፤ ተረቱ የሚናገረው ስለ ተመካሪው ብቻ መሆኑ ግን ቅር ያሰኘኛል። መካሪውም ቢሆን የሌላውን ወገን ቃል አልሰማም ካለ መከራ እስኪመክረው መጠበቅ አለብንን?

ከዚህ በኋላ የመጋቢው ነገር መጣ። በ2009፥ በእኛ አቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 621/2001፥ ከገቢው ከመቶ ከአሥር በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር ስለ ሰው መብት፥ ስለ ሴቶችና ስለ ወንዶች እኩልነት፥ ስለ ግጭት አፈታትና እነዚህን ስለ መሰለ ጉዳይ እንዳይሠራ ታገደ። የሕጉ አሳብ «የባዕድን እንጀራ የሚበላ የባዕድን ነገር ይናገራል» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄያችን ነው። በፍጹም ሐሰት ነው አልልም። ገንዘብ የሚሰጥ ሩቅ ያለ ቢሮ የሚጠናውን ነገር ስም እየመረጠ እንደሚልክ፥ ሊቃውንቱም የአገራቸውን ሕመም ትተው የዚያን ቢሮ ሕመም ሲያክሙ እንደሚውሉ ያየ ሁሉ ያውቃል። አንድ ዓመት ሁሉም ስለ ውኃ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ሁሉም ስለ ወጣት ይጽፋል፤ ውኃውም ወጣቱም በነበሩበት ናቸው።

ዳሩ ግን የሕጉ ሚዛን አንድ ዓይና ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ቁራሽ መዘነ፤ ከግምጃ ቤት የሚወጣውን ማዕድ ግን አልመዘነም። የአክዓብ አራት መቶ ነቢያት በዚህ አዋጅ ቢመረመሩ ኖሮ፥ ከውጭ አንዲት ሳንቲም አልተቀበሉምና፥ ሁሉም ንጹሓን ተብለው ይመዘገቡ ነበር። ፍሬውም ታየ፤ ለድሆች ሴቶች ያለ ዋጋ ይከራከር የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ገንዘቡ ታግዶበት ሥራው ተመናመነ፤ ብዙ ሌሎችም ያን ሥራ ትተው ወደ ሌላ ዞሩ። ይህ ሕግ በ2019፥ በእኛ አቆጣጠር በአዋጅ ቁጥር 1113/2011፥ ተሽሮ የውጭው ገንዘብ ተፈቀደ። ነገር ግን ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላ፥ በጥር 2025፥ የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገር የሚሰጠውን ርዳታ በአንድ ቀን ትእዛዝ አቆመ፤ በዚያ ገንዘብ ይኖሩ የነበሩ የአገራችን ድርጅቶችም ሠራተኞቻቸውን አሰናበቱ። እጁ የተሰበሰበው ስለ እኛ አንዳች ክፉ ነገር ታስቦ አይደለም፤ ስለ እኛ ፈጽሞ ሳይታሰብ ነው እንጂ። የአንድ ደጅ ለማኝ መሆን ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቁጣዬን ወደ ራሳችን፥ ማለት ማንበብና መጻፍ ወደምንችለው ወደ ከተማው ሰዎች እመልሳለሁ። ለእድር በየወሩ እንከፍላለን፤ ለማኅበርና ለሰንበቴ እናዋጣለን፤ ለሠርግም እንበደራለን። ስለ ሞታችን የሚያስብ ማኅበር በየሰፈሩ አለን። ስለ ኑሯችን አጥንቶ የሚነግረንን ግን አንድ ብር ሰጥተነው አናውቅም፤ ባዕድ ሲመግበው ደግሞ «የባዕድ አፍ» ብለን እንሰድበዋለን።

ስለ ስደት ልናገር። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጉባኤ ተደርጓል፥ ብዙም ተጽፏል፤ የማኅበራዊ ጥናት መድረክም በ2015 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚያደርጉት ጉዞ ጥናት አሳትሟል። እኔ ግን እንደ ሙያዬ በመጀመሪያ የማየው ቃሉን ነው። ሕዝቡ «ስደት» ይላል፤ በጥናቱና በጉባኤው ግን «ፍልሰት» የሚለው ቃል እየበዛ ሄዷል። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ አይደሉም። «ስደት» ከ«ሰደደ» የወጣ ነው፤ በግእዝ ሰደደ ማለት አባረረ፥ ገፍቶ አስወጣ ማለት ነው። እንግዲህ ስደት በተባለ ጊዜ በቃሉ ውስጥ የሰደደ አካል አለ፤ «ማን ሰደደው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። «ፈለሰ» ግን ከስፍራ ወደ ስፍራ ሄደ ማለት ነው፤ የቅዱሳን ዐፅምም ይፈልሳል፤ ማንም ገፊ አይፈለግለትም። ተቃዋሚ «ፍልሰተ ባቢሎንስ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ መልካም፥ ነገር ግን በዚያ ያፈለሰው ናቡከደነፆር መሆኑን መጽሐፈ ነገሥት ስሙን ጠርቶ ነግሮናል። የእኛ ጽሑፎች ያን ስም አይነግሩንም። ቃሉን የመረጡት ሰዎች በክፋት መረጡት አልልም፤ የነገሩን ገፊ ከቃሉ ውስጥ ባወጡት ጊዜ ግን ክርክሩ ሳይጀመር ግማሹ ተፈረደ።

በጥቅምት 2013 መንግሥት ዜጎች ለቤት ሥራና ለመሰለው ሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ ከለከለ። በሚቀጥለው ወር ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ክልከላውን ያወጡት ሰዎች ለሴት ልጆቻችን አስበው ነበር፤ ስለዚህ አልጠራጠርም። ነገር ግን የፊተኛው በር ሲዘጋ የኋለኛው በር አልተዘጋም ነበር፤ ሰዉ በጅቡቲ በኩል በኦቦክ ወደብ እያለፈ፥ ጦርነት ወዳለባት ወደ የመን መሻገሩን ቀጠለ። ክልከላው በ2018 ከተነሣ በኋላ እንኳ መንገዱ ተለምዶ ነበርና፥ በ2019 ብቻ ከ138,000 በላይ ሰዎች ወደ የመን ተሻገሩ፤ የሚበዙት የእኛ ሰዎች ነበሩ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የሄዱትና የተመለሱት ቢጠየቁ ኖሮ ይህን ሊናገሩ የሚችሉ ሺህ ሰዎች ነበሩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለዚሁ ጉዳይ በተጠራ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር፤ የጠራውን ተቋም ስም መጥራት አያስፈልግም። ሦስት ጽሑፍ ተነበበ፤ ሦስቱም በእንግሊዝኛ። በግድግዳው ላይ የአፍሪካ ቀንድ ካርታ ታየ፤ ከወሎ፥ ከጅማ፥ ከሐድያ እየተነሡ ወደ ባሕር የሚወርዱ ቀያይ ቀስቶች ተሥለውበታል። ከሰዓት በኋላ፥ ሰዉ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር፥ በቤይሩት ስምንት ዓመት ያገለገለች አንዲት ሴት ልምዷን እንድትናገር ጥቂት ደቂቃ ተሰጣት። ተነሥታ እጅ ነሣችና እንዲህ አለች፦ «አባቶቼ፥ ወንድሞቼ፥ ያነበባችሁትን ቋንቋውን ስለማላውቅ አልሰማሁም። ሥዕሉን ግን አይቻለሁ፤ ቀስቱ ትክክል ነው፥ በዚያው ነው የሄድነው። ለደላላው ብለን የሸጥነው በሬ ግን የት ላይ ነው የተሣለው?» ሰዉ ሣቀ። እርስዋ አልሣቀችም። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ የክርክሩን ሥር የነካ ይህ አንድ ቃል ነበር፤ ስደት ከመሄጃው ሳይሆን ከበሬው ይጀምራልና፤ በሬው ከተሸጠ በኋላ ልጂቱ ብትመለስ ወደ ምን ትመለሳለች? በታተመው የጉባኤ መጽሐፍ ውስጥ ቃልዋን ፈለግሁት፤ «ከተሳታፊዎችም አስተያየት ተሰጠ» የሚል አገኘሁ።

ይህ ስለ ስም መሰወር እንድናገር ያደርገኛል። ቻተም ሐውስ በ1927 ያወጣው፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት አንድ ደንብ አለ፤ በጉባኤው የተሰማውን ነገር ወስዶ መጠቀም ይቻላል፥ ማን እንደ ተናገረው ግን አይገለጥም። ደካማው ኃይለኛውን ሳይፈራ እንዲናገር ይህ ደንብ ይረዳል፤ ስለዚህ አልነቅፈውም። ነገር ግን የሚጠቀሙበት ብዙ ጊዜ ደካሞቹ አይደሉም። በተዘጋ አዳራሽ «ያ ትእዛዝ ስሕተት ነበር» ብሎ፥ በማግሥቱ በራዲዮ ያንኑ ትእዛዝ የሚያመሰግን ሹም በዚህ ደንብ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የእኛ ቅኔም መሰወርን ያውቃል፤ ወርቁን ከሰሙ በታች ይቀብራል። ሆኖም ቅኔው ወርቁን እንጂ ባለቅኔውን አይሰውርም፤ ተቀኚው በጉባኤው መካከል ቆሞ ይታያል፥ «የእገሌ ነው» ይባላል፥ ቢነቀፍም በስሙ ይነቀፋል። ቃሉን የሰወረና ራሱን የሰወረ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ስለ ቅርስ ያለው ክርክር ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በዚህ ረገድ ኃይል የሌላቸው ሊቃውንት በንግግር ብቻ ምን ያህል መንገድ ሊሄዱ እንደሚችሉ አይተናል። በሚያዝያ 1868 እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ የተዘረፈውን ንብረት በአሥራ አምስት ዝሆንና በሁለት መቶ በሚያህሉ በቅሎዎች ጭነው አወረዱት፤ በደላንታ ሜዳም በጨረታ ሸጡት፤ ከገዥዎቹ አንዱ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ሰው ነበር። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ፤ መጽሐፉ ተመለሰ፥ ሥዕሉ ግን አልተመለሰም፤ ያው ሰው ለራሱ አስቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዘመን ጸጥ አለ። በ1937 ኢጣልያ የወሰደችው የአክሱም ሐውልትም በ1947 የሰላም ውል በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንዲመለስ ተፈርሞ ሳለ፥ የተመለሰው በ2005 ነው። ውል ተፈርሞ አምሳ ስምንት ዓመት ከቆየ፥ ውሉን የሚያስታውስ ሰው ባይኖር ኖሮ ለዘላለም በቆየ ነበር። በ1990ዎቹ ፓንክረስትና ጓደኞቻቸው በጽሑፍም በስብሰባም ነገሩን አላስተኛ አሉ፤ በ1999 ደግሞ የመቅደላን ቅርስ የሚያስመልስ ማኅበር ተቋቋመ።

በለንደን ያለውን ክርክር ስንመለከት አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ብሪቲሽ ሙዚየም አሥራ አንድ ጽላቶች አሉት። ለሃይማኖታችን ክብር ሲል በተዘጋ ክፍል አስቀምጧቸዋል፤ ሹሙም ሠራተኛውም ገብቶ አያያቸውም። ይህ አክብሮት ነው፥ እናመሰግናለን። ነገር ግን ሙዚየም ዕቃ የሚይዝበት ምክንያት ሁለት ነው፤ ለሕዝብ ሊያሳይ ወይም ሊቃውንት ሊያጠኑት። ማንም የማያየው፥ ማንም የማያጠናው ነገር በሙዚየም ውስጥ ስለ ምን ይቀመጣል? የሚሰጡት መልስ በ1963 የወጣው ሕግ ከሙዚየሙ ንብረት ማውጣትን ይከለክላል የሚል ነው። ሕጉንም ያወጣ ሰው ነው፥ ሊለውጠውም የሚችል ሰው ነው፤ ደግሞም ያ ሕግ የማይገዛቸው ሌሎች መንገዱን አሳይተዋል። በኤዲንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን በጓዳው ያገኘውን ጽላት በ2002 መለሰ፤ በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉር ተመለሰ፤ በ2024 የዌስትሚንስተር ገዳም በመንበሩ ውስጥ ያለውን ጽላት ለመመለስ በመርሕ ተስማማ። በ2018 ግን ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት የተባለው ሙዚየም ሹም የመቅደላን ዕቃዎች በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡን እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። የራስን ንብረት መዋስ! ይህን ቃል የሰማ አንድ የጎጃም ገበሬ ቢኖር ኖሮ «በላ ልበልሃ» ብሎ ወገቡን በታጠቀ ነበር።

ነገር ግን ሌባው ሩቅ ሲሆን መከራከር ቀላል ነው። ብራናችንን በትንሽ ብር ለመንገደኛ የሸጠው እጅ የእንግሊዝ ወታደር እጅ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ካህናት እናውቃለን። በ2024 በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለመንገድና ለአዲስ ሕንጻ በፈረሱ ጊዜም ስለ እነዚያ ቤቶች ታሪክ ብዙ ተጻፈ፥ ብዙ ሰውም አዘነ፤ የሚበዛው የተጻፈው ግን ግንቡ ከወደቀ በኋላ ነበር። ከተማ መታደስ አይገባውም የሚል ሰው አልሰማሁም። የቱ ቤት ይቅር፥ የቱ ይፍረስ፥ በዚያ የሚኖረውስ ድሃ የት ይግባ የሚለው አስቀድሞ በአደባባይ ሊመረመር የሚገባ ጥያቄ ነበር፤ ለዚህም በሰፈሩ ቋንቋ የሚጽፍ፥ ከሰፈሩ ሰው እጅ የሚበላ አጥኚ ያስፈልግ ነበር።

ይህን እያሰብሁ ባለፈው ወር በእድራችን ስብሰባ ላይ አንድ አሳብ አቀረብሁ። እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ቀን የሻይ ዋጋ ያዋጣ፤ በዚያም ገንዘብ ስለ አገራችን ከታተሙት ጥናቶች አንዱን በአማርኛ አስተርጉመን በጉባኤ እናስነብብ፥ አጥኚውንም ጠርተን እንከራከረው አልሁ። ሽማግሌዎቹ በትዕግሥት አዳመጡኝ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር «እኔ እተረጉማለሁ፥ ዋጋም አልፈልግም» አሉ። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ገልጦ ብዕሩን ካነሣ በኋላ፥ «የኔታ፥ ይህን በማን ሞት ስም ልመዝግበው?» ሲል ጠየቀኝ። ነገሩ ለሚመጣው ወር ስብሰባ ተላልፏል።